ምግብና የሳይነስ ሕመም

ብርድ በበረታ ጊዜ ጉንፋን በየቤቱ ይገባል፤ ግንባሬን ከበደኝ፥ ጉንጬን ጠዘጠዘኝ፥ አፍንጫዬ ታፈነ የሚል እሮሮም ከየማዕዱ ይሰማል። ወዲያውም የዘመድና የጎረቤት ምክር ይጎርፋል፤ አንዱ ወተት ከልክሉት ይላል፥ ሁለተኛው በርበሬ ይብዛለት ይላል፥ ሦስተኛው አረቄ ይቅመስበት ይላል። እኛም ከነዚህ ምክሮች የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለይተን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማስረዳት ወደናል።

ሳይነስ የሚባሉት በፊታችን አጥንት ውስጥ የሚገኙ አየር ያለባቸው ባዶ ክፍሎች ናቸው። አራት ጥንድ ሆነው በግንባር፥ በጉንጭ፥ በዓይንና በአፍንጫ መካከል፥ ደግሞም ከአፍንጫ በስተኋላ በጥልቅ ይገኛሉ፤ ሁሉም በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ይከፈታሉ። ውስጣቸውን የሸፈነው ስስ ቆዳ ንፍጥ ያመነጫል፤ በላዩም ያሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ጠጉሮች ያለ ዕረፍት እየተወዛወዙ ንፍጡን ከነአቧራውና ከነተሐዋሲው ጠርገው ያስወጣሉ። ጉንፋን ይዞን ቆዳው ባበጠ ጊዜ ግን ቀዳዳው ይዘጋል፤ ንፍጡም መውጫ አጥቶ ይታቆራል፤ ሕመሙም ከዚህ የተነሣ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ በማያሚ ቢች ከተማ ሐኪሞች 15 ጤነኞች ሰዎችን ሙቅ ውሃ፥ ቀዝቃዛ ውሃና የዶሮ ሾርባ አጠጥተው በአፍንጫቸው ውስጥ የንፍጡን ፍጥነት ለኩ። ሾርባው በደቂቃ ከ6.9 ወደ 9.2 ሚሊሜትር ከፍ አደረገው፤ ሙቁ ውሃም እንዲሁ አፈጠነው፤ ቀዝቃዛው ውሃ ግን ከ7.3 ወደ 4.5 ዝቅ አደረገው። ሆኖም የሾርባው ጥቅም ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆየም። ስለዚህ ሾርባ፥ ሻይ ወይም አጥሚት በየጊዜው ትኩስ ትኩሱን መጠጣት በሽተኛውን ያሳርፈዋል እንጂ ከሥሩ አይፈውሰውም።

በርበሬና ሚጥሚጣም እንደዚሁ ናቸው። ማቃጠላቸው የአፍንጫን ጅማት ቀስቅሶ ፈሳሽ ያወርዳል፤ ጥቂት ጊዜም የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ያበጠውን ቆዳ አያድነውም። አረቄና ጠጅ ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የአፍንጫን መታፈን ያብሳሉ እንጂ መድኃኒት አይሆኑም።

ስለ ወተት የሚባለው ግን ይልቁንም ሕፃናትን ስለሚጎዳ ልብ ሊባል ይገባዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. በወጣው የአውስትራልያ ምርመራ፥ በፈቃዳቸው የጉንፋን ተሐዋሲ የተሰጣቸው 60 ሰዎች ተመረመሩ፤ ወተት መጠጣታቸውም ንፍጣቸውን አላበዛውም። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ስለሚወፍር ጉሮሮን የያዘ ይመስላል፤ አክታ ይጨምራል የተባለውም ምናልባት ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ወተት የማይስማማው መሆኑን ሐኪም ካልመሰከረ በቀር፥ አፍንጫው ፈሰሰ ተብሎ ሕፃን ምግቡን ሊከለከል አይገባም።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ መንገድም አለ፤ እርሱም ጥርስ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር ከጉንጩ ሳይነስ ሥር ተጠግቶ ይገኛል። ጣፋጭ ነገር አዘውትሮ ከመብላት የተነሣ ጥርሱ በልዞ ሥሩ ሲመግል፥ መግሉ ወደ ሳይነሱ ሊገባ ይችላል። በአንድ ወገን ብቻ የሚያምና ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚያወርድ ሕመም በመጣ ጊዜ ጥርስን ማስመርመር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ለልጆች ከረሜላና ስኳር መቀነስ፥ ጥርሳቸውንም ማጠብ ማስለመድ፥ ጥርስን ብቻ ሳይሆን ሳይነስንም መጠበቅ ነው።

ከጉንፋን ጋር የሚመጣው የሳይነስ ሕመም አብዛኛው በ10 ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከ10 ቀን አልፎ ሳይቀል ቢቆይ፥ ወይም ከተሻለ በኋላ ተመልሶ ቢጠና ሐኪም ይጠየቅ። የዓይን ዙሪያ ቢያብጥ፥ ማየት ቢደክም፥ አንገት ቢደርቅ፥ ወይም ብርቱ ትኩሳት ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ቢመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው እንጂ ሾርባው እስኪፈላ መጠበቅ አይገባም። መልካም ማዕድ ለሐኪም ረዳት ነው፤ ምትኩ ግን አይደለም።