ማስጠንቀቂያውን ማን በላው?

ጠዳ ላይ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት የምሠራባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። በቅርቡ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ስልካቸውን እንደያዙ ገቡና «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩት። የሸጡት በሬ ዋጋ ከሂሳባቸው ወጥቷል። «ከባንክ ነን፣ ሲስተም እያደስን ነው፣ አሁን የሚገባልዎትን ቁጥር ይንገሩን» ብሎ የደወለላቸውን ሰው አምነው ነግረውት ኖሯል።

ባንካቸው ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። (ስሙ ይቆየን።) ያገኘነው መልስ «እኛኮ አስጠንቅቀናል!» የሚል ነው። የት? «በማኅበራዊ ገጻችን»። ስልኬን አውጥቼ ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም። «እንግዲህ ተነስቶ ይሆናል» አለኝ ልጁ። ተነስቶ ይሆናል! መቼ ወጣ? መቼ ተነሳ? ማን አነሳው? መላሽ የለም። ባንኩ አስጠንቅቄያለሁ ይላል፤ ሽማግሌው አልሰማሁም ይላሉ፤ ሁለቱን የሚዳኘው ጽሑፍ ግን ተበልቷል።

የዛሬው ጨዋታዬ እንግዲህ ስለ ደኅንነት ማስጠንቀቂያ ነው። (ደኅንነት ስል ያኛውን መሥሪያ ቤት ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ!)

ነገሩ የአንድ መንደር ነገር ብቻ አይደለም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የሆነውን ማን ይረሳል? ሰዉ ከሂሳቡ በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር መጉደሉን፣ የሳይበር ጥቃትም አለመሆኑን ገለጸ። ገንዘብ አልመለሱም ያላቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶ ለሕዝብ አወጣ። የተበዳሪው ገንዘብ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እኔም አልከራከርም። ግን የሰዎቹ ስም ዝርዝር በወጣበት ፍጥነት የስሕተቱ ዝርዝር ለምን አልወጣም? የትኛው ክፍል ተበላሸ? በምን ተጠገነ? ሌላው ባንክ ምን ይማር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለም እንዴ አባቶቻችን?

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል? እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለሶፍትዌር ቀዳዳዎች እንደ ታርጋ አንዳንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ሲቪኢ ይባላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሎግ ፎር ጄ በተባለው ሶፍትዌር ላይ ይፋ የሆነው ትልቅ ቀዳዳ ታርጋው ሲቪኢ-2021-44228 ነበር። መጀመሪያ የወጣው ጥገና፣ 2.15 የተባለው፣ ሙሉ ሆኖ አልተገኘም። በቀናት ውስጥ 2.16፣ ከዚያም 2.17 ተከተለ። አዘጋጆቹ «ትናንት ያልነው አልበቃም» ብለው በአደባባይ እያረሙ ጻፉ። አላፈሩም! ቢደብቁት ኖሮ በ2.15 ተማምኖ የተኛው ሁሉ በተኛበት ይዘረፍ ነበር።

ታዲያ እኛስ? መፍትሔው ብዙ ሚሊዮን ብር አይፈልግም። አንደኛ፣ ስታቲክ ድረ ገጽ። ይህ እንደ ወረቀት ተጽፎ የሚለጠፍ ገጽ ነው፤ ከጀርባው ዳታቤዝ የለበትም፤ ሌባ የሚሰብረው በር ይቀንሳል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነም በደካማ ኔትወርክ ይከፈታል። ሁለተኛ፣ ጊት። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ይህ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ለውጥ ከለዋጩ ስም፣ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋር ይመዘግባል። የአንዱ መዝገብ መለያ ከቀዳሚው ላይ ስለሚሰላ፣ የድሮውን በስውር የነካ ሰው ከሌሎች እጅ ያለው ግልባጭ ያጋልጠዋል።

ባዕድ ነገር አይምሰላችሁ። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ምንድነው? አዋጅ ቢሻሻል ማሻሻያው በራሱ ቁጥር ይወጣል፤ የቀድሞው ከመዝገብ አይፋቅም። ለሕግ የሚገባው ለገንዘባችን ለምን አይገባም?

«ቀዳዳ ማሳወቅ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው» የሚሉ አሉ። ከመጠገኑ በፊት ከሆነ፣ እውነት አላቸው። ለዚህም ነው መጀመሪያ ለባለቤቱ በጓሮ የሚነገረው፤ የጉግሉ ፕሮጀክት ዜሮ በተለምዶ 90 ቀን ይሰጣል። የእኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ይቀጣል፤ ይቅጣ። ግን ቀዳዳ አይቶ በቅንነት የጠቆመ ሰው ከሌባ ጋር በአንድ ገመድ እንዳይታሰር በግልጽ ይጻፍለት።

ደግሞስ የተደበቀ ቀዳዳ ማንን ሲጠቅም አየን? በሰኔ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ራሱ ተሰብሮ ሰነዱ ሲዘረገፍ፣ ለማንም ሳይነገር የተያዘ የፍላሽ ሶፍትዌር ቀዳዳ ተገኘ። ከደንበኞቹም መካከል የእኛው ኢንሳ ነበረበት። ያልተነገረ ቀዳዳ ለሕዝብ ጉድጓድ፣ ለሰላይ መስኮት ነው።

እኛ ጠዳዎች ደግሞ ሌላም ምክንያት አለን። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የጊት መዝገብ ግን ሙሉ ግልባጩ ከነታሪኩ በፍላሽ ይዞራል። እኔ አትሜ በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ የገበያ ቀን ያየው ሁሉ ያነበዋል።

ስለዚህ ባንኮችም፣ ቴሌም፣ ኢንሳም፣ ማስጠንቀቂያችሁን በቁጥርና በቀን አውጡ፤ ስትሳሳቱ አርሙ እንጂ አትፋቁ። ይህ እናንተንም ይጠቅማል፤ በእርግጥ አስጠንቅቃችሁ ከነበር መዝገቡ ይመሰክርላችኋል። አለበለዚያ የሽማግሌው በሬ ከሌባው ጋር፣ ማስጠንቀቂያውም ከእናንተ ጋር እንደጠፋ ይቀራል።

ቸር ይግጠመን!