ተቈርጦ የለመለመ ዛፍ፤ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም

ደብር በግእዝ ተራራ ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። መነኮሳት ከፍታን መምረጣቸው ግን የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በኢጣልያ፣ ከሮማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቁመቱ ከ500 ሜትር በሚበልጥ ኮረብታ ራስ ላይ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ይገኛል።

ይህን ገዳም በ529 ዓ.ም. ገደማ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የመሠረተው የኑርሲያው ቤኔዲክቶስ ነው። በስፍራው የነበረውን የአጵሎን መሠዊያ አፍርሶ የጸሎት ቤት ሠራበት። ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓትም መጨረሻ ላይ የቀደሙትን አበው ገድልና የቅዱስ ባስልዮስን ሥርዓት እንዲያነቡ ይመክራቸዋል። ስለዚህ እኛ በገድላቸው የምናውቃቸው የግብጽ በረሃ አባቶች ለዚያም ቤት ምንጭ ናቸው ማለት ይቻላል።

ገዳሙ ብዙ ጊዜ ፈርሷል፤ በ6ኛው መቶ ዓመት ሎምባርዶች፣ በ883 ሳራሴኖች አጠፉት፤ በ1349 ደግሞ የምድር መናወጥ ጣለው። በመካከሉ አበ ምኔቱ ዴሲዴርዮስ ከቍስጥንጥንያ ባለ እጆች አስመጥቶ ያሳነጸው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በ1071 ተባርኮ ነበር። የነሐስ መዝጊያውም በዚያችው ከተማ የተሠራ ነው። ወደ ገዳሙ የሚገባ ሰው ተከታትለው የተሠሩ ሦስት አደባባዮችንና ሰፊ ደረጃን አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይደርሳል።

የካቲት 15 ቀን 1944 የኅብረቱ አውሮፕላኖች «ጀርመኖች መሽገውበታል» በሚል ግምት ገዳሙን በቦምብ ደበደቡት። በውስጡ የነበሩት ግን መነኮሳትና ከጦርነቱ የሸሹ ሰዎች ነበሩ፤ ከስደተኞቹም ብዙዎች አለቁ። ጀርመኖች የገቡበት ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ፍርስራሹም ምሽግ ሆናቸው። ኮረብታው የተያዘው ከሦስት ወር ውጊያ በኋላ፣ ግንቦት 18 ቀን ነበር።

መጻሕፍቱ ግን ድነዋል፤ በ1943 መጨረሻ በጭነት መኪና ወደ ሮማ ተወስደው ነበርና። የቤኔዲክቶስና የእኅቱ የስኮላስቲካ መቃብርም ከፍርስራሹ ሥር ሳይጠፋ ተገኘ። ገዳሙ በቀድሞው ንድፍ እንደ ገና ታንጾ ጥቅምት 24 ቀን 1964 በሮማው ጳጳስ በጳውሎስ 6ኛ ተባረከ።

የገዳሙ ዓርማ ተቈርጦ ከጕቶው የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ነው። ዓርማው እውነቱን ይናገራል፤ ሆኖም ድንጋይ በድንጋይ ቢተካም የሉካ ጆርዳኖ የግድግዳ ሥዕሎችና በዚያች ቀን የሞቱት ሰዎች አልተመለሱም። እንግዲህ ለልጆቻችን ስንነግር ሁለቱንም እንንገራቸው፤ በትዕግሥት የሚታነጸውንም፣ በጥርጣሬ የተፈረደ ፍርድ የሚያጠፋውንም።