መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት የእስረኛው ዝርዝር ይነበብ

ሰሜን ጎንደር ለሦስት ተከፍሎ ደባርቅ የዞን መቀመጫ ስትሆን፣ የፍርድ ቤቱም የፖሊሱም የማረሚያ ቤቱም ሸክም አብሮ መጣባት። እንዲህ ያለ ከተማ ምክር ቤት ለአዲስ እስር ቤት መሬት ሲጠየቅ ውይይቱ በካሬ ሜትርና በበጀት ይጀመርና እዚያው ያልቃል። እኔ ከፕላኑ በፊት የእስረኞቹ ዝርዝር ይቅረብ ባይ ነኝ። አሁን ከታሰሩት ስንቱ ተፈርዶበታል? ስንቱስ በጊዜ ቀጠሮ ይመላለሳል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የጉዞው ጊዜ ግን አይቆጠርም። ያ የማይቆጠር ጉዞ ለአዲስ አበባ ሰው ኢምንት ነው። ከራስ ደጀን ግርጌ ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ለሚመጣ ሰው፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ሌላ እስራት ነው። ፖሊስ ጣቢያ የገባ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበላው ከቤቱ የሚመጣለትን ነው። ሚስቱ አዝመራውን ጥላ፣ ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ስንቅ ይዛ ደባርቅ ዘመድ ቤት ትሰነብታለች። ዘመድ የሌላትስ? ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ያለ ጋቢ የሚያድር ሰው ገና ጥፋተኛ ያልተባለ መሆኑን ማንም ሊዘነጋው አይገባም።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 በእሳት የጋየው የአዲስ አበባው ቂሊንጦም የቀጠሮ እስረኞች ማቆያ ነበር። መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን፣ ከእነሱም 21ዱ ታፍነውና ተረጋግጠው መሆኑን ተናገረ። ሕንፃው እንኳን ያረጀ አልነበረም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በአማራ በጅምላ የተያዙ ሰዎች ጭልጋ ውስጥ ባለው ሰራባ ጭምር በካምፖች መታጎራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታወቀ። ፍርድ ቤት ከተዘለለ የትኛውም ግቢ እስር ቤት ይሆናል፤ የትኛውም ስፋት አይበቃም።

እስር ቤት ጭራሽ አይሠራ አልልም። ሴቶች ለብቻቸው፣ ልጆች ከአዋቂ ተለይተው፣ ወጥ ቤትና ውኃ ባለበት መያዝ መብታቸው ነው፤ አሮጌ ክፍል ውስጥ ማጨቅ ጭካኔ ነው። ነገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ለሚያስቀጣ ጥፋት የግዴታ ሥራ እንዲወሰን ይፈቅዳል። የተሸረሸረ ዳገት፣ የተቆረጠ መንገድ በሞላበት አገር ሥራ አይታጣም። ተዘዋዋሪ ችሎት ወደ በየዳና ጠለምት ቢወጣ፣ ዋስትና የሚገባው ሰው በዚያው ሳምንት ቢለቀቅ፣ የሚያስፈልገው ግንብ ምን ያህል ያንስ ነበር?

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት አሁን ያለውን ማቆያ ገብተው ይዩ። ዝርዝሩም ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበብ፤ ስንት ሰው፣ ከየትኛው ወረዳ፣ ከስንት ቀን ጀምሮ፣ ያለ ክስ።