ልጃችሁ ፒሲ ዋን ለገባላችሁ፦ ግልጽ ደብዳቤ



ይህን የምጽፈው በተለይ ልጃቸው የሕክምና ትምህርት ለደረሰው ወላጆችና ለተማሪዎቹ ለራሳቸው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በአብዛኛው መጀመሪያ ፍሬሽማን ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ ይማራል። ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ፒሲ ዋን (ፕሪክሊኒካል አንድ) ሲገባ ነው። ዋናዎቹ ትምህርቶች አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ናቸው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት እነዚህን ለየብቻ ይሰጣል፤ ሌላው በሞጁል አዋሕዶ ልብን ሲያስተምር ቅርጹንም አሠራሩንም አንድ ላይ ያስኬዳል። እኔ ሞጁሉ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ግን እያንዳንዱ ሞጁል ሲያልቅ ፈተናው ስለሚከተል፣ መሃል ላይ ሳምንት የታመመ ልጅ መቼ ይደርስበታል?

ከፈተናዎቹ የምርጫውን ልጆቹ ከማትሪክ ጀምሮ ያውቁታል። የሚያስደነግጣቸው ስፖት የሚባለው የአናቶሚ የተግባር ፈተና ነው። አስከሬኑ ላይ ክር ይታሰራል ወይም ስፒል ይሰካል፣ አጠገቡ ቁጥር ይቀመጣል። ደወል ሲደወል ተማሪው አይቶ ይጽፋል፤ ዳግም ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ መመለስ የለም። ክሩ የታሰረው ከክርን ጀርባ በሚያልፈው ነርቭ ላይ ነው እንበል። ጥያቄው «ይህ ምንድን ነው?» ብቻ ላይሆን ይችላል፤ «ቢቆረጥ የትኛው ጣት ይደነዝዛል?» ሊል ይችላል። ስሙን ብቻ የሸመደደ እዚህ ላይ ይቀራል። ነርቩን በእጁ እየተከተለ እስከ ትንሿ ጣት የወረደ ግን ይመልሳል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሃንዳውት ይዛችሁ ዶርም አትዋሉ። የአስከሬኑ ፎርማሊን ዓይን ቢያቃጥልም አናቶሚ ላብራቶሪ ግቡ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ በየተራ ተጠያየቁ። የሲኒየሮቻችሁ የድሮ ፈተና ይረዳል፤ እሱን ብቻ ተማምኖ መግባት ግን አደጋ ነው። ያ አስከሬን ሰው እንደነበረም አትርሱ፤ እያሳሳቁ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

ወላጆች፣ በ12ኛ ክፍል ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው ልጃችሁ የመጀመሪያው ፈተና ቢያቅተው «ምን ነካህ?» አትበሉት። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ጭንቅላት ሳይሆን የአጠናን ዘዴ ነው።

ለመምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ስፖቱ ሲያልቅ ክሮቹን ከመፍታታችሁ በፊት ልጆቹን መልሳችሁ አስገቧቸውና እያንዳንዱን መልስ እዚያው አሳዩአቸው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።