በጨው ውስጥ ያለው የማናየው ጠባቂ

“በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚለው ተረታችን ብቻ እንቅርትን ምን ያህል እንደምናውቀው ይመሰክራል። እንደ ጉና ግርጌ ባለ ተዳፋት ደጋ ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። አፈሩ ካጣው ደግሞ ገብሱና ድንቹም ያጡታል።

እንቅርት በዓይን ይታያል። የማይታየው ጉዳት ግን ይብሳል፦ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጠራት የፅንሱ አእምሮ በሚገባ ላያድግ ይችላል። የሚያስፈልጋት በቀን 250 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ አንድ ግራም ከ10 ዓመት በላይ ይበቃታል!

በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ያልደረሰብን ጉዳት ስለማይታየን ግን ለዚህ ጥበቃ ዋጋ አንሰጥም፤ ጥቂት ብር ለማትረፍ ገበያ ላይ የተዘረጋውን ጨው እንገዛለን። እኔ ይህን ቁጠባ አልለውም፤ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ፦
✅ “አዮዲን ያለው” የሚል የታሸገ ጨው ግዙ።
✅ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ።
✅ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ።

ጨው አብዙ ማለቴ አይደለም፤ ለአዋቂ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም።

ዛሬ ማታ የጨው ዕቃችሁን እዩት። ክዳን አለው?