ሐረማያ ዳግም እንዳይደርቅ ጉድጓዶቻችንን እንቁጠር

የሐረር፣ የድሬዳዋና የሐረማያ ወገኖች!

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ሐረማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው ውኃ የከብት መሰማሪያ ሜዳ ሆነ። የዝናብ እጥረት ብቻውን አልጨረሰውም። ከተራቆተው ጋራ የወረደ ደለል ሞላው፤ ዳርቻውን የከበቡት ፓምፖች ለጫትና ለአትክልት ሳቡት፤ የከተማው ቧንቧም ከዚያው ይቀዳ ነበር። ሁሉም ወሰደ፤ ስንት እንደወሰደ የለካ ግን አልነበረም። ሐይቁ ሲያልቅም ፓምፑ አላረፈም፤ በደረቀው ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ መሳቡ ቀጠለ።

ሐረርም ውኃ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ወረደች። ከዚያ ከርሰ ምድር የወጣው ውኃ በሞተር ኃይል እየተገፋ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣላታል። ድሬዳዋ ራሷም የምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። ያንን ጉድጓድ የሚሞላው ደግሞ በአብዛኛው በደጋው ተዳፋት ላይ ወርዶ የሚሰርገው ዝናብ ነው። ደጋው ሲራቆት ቆላው ይጠማል።

ሕግ የለም እንዳንል፣ አለ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል፤ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ ሰጥቷል፤ ተጠቃሚውም ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ግን ከፈቃድ ነፃ አድርጓል። በባልዲ የሚቀዳ ጉድጓድ ማንንም አይጎዳም፤ ጉድጓዱ በዝቶ ሞተር ሲተከልበት ግን ሐይቅ ያደርቃል።

ከሌላ አገርም ልምድ እንውሰድ። በረሃማዋ የአሜሪካ ግዛት አሪዞና እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ሕግ ክፉኛ በተጎዱት አካባቢዎች አዲስ መሬት በመስኖ ማልማትን ከለከለች፤ ትልልቅ ጉድጓዶች መለኪያ እንዲገባላቸው አዘዘች፤ አዲስ መኖሪያ መንደር የሚሠራም ለመቶ ዓመት የሚበቃ ውኃ መኖሩን እንዲያረጋግጥ አስገደደች። ሕጉ ባልደረሰበት ገጠር ግን ትልልቅ እርሻዎች ጉድጓዳቸውን እያጠለቁ የጎረቤቶቻቸውን አደረቁ። ግማሹን አካባቢ ብቻ የሚጠብቅ ሕግ ጉዳቱን ወደ ሌላው ግማሽ ይገፋዋል።

እነሆ፣ በሐረማያ ውኃው ተመልሷል። ዝናቡም የተፋሰሱ ሥራም ረድተውታል። እንግዲህ እንነሣ!

ገበሬዎች፣ እርከኑን ጠግኑ፤ ከሐይቁ ዳር ፓምፕ አርቁ፤ የመስኖ ተራ በመካከላችሁ ወስኑና ተራውን የጣሰውን በሽማግሌ ዳኙ።

አፎቻዎችና ዕድሮች፣ ሞተር የገባበትን ጉድጓድ ሁሉ በየቀበሌያችሁ ቁጠሩ፤ መዝገቡንም ለውኃ ጽሕፈት ቤት አስረክቡ።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ የሐይቁንና የጉድጓዶቹን ውኃ ከፍታ በየወሩ ለክታችሁ በየገበያው ለጥፉ፤ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ።

የኦሮሚያ፣ የሐረሪና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች፣ ውኃው የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ሞተር የተተከለበት ጉድጓድ ሁሉ ፈቃድና ቆጣሪ እንዲኖረው ደንግጉ፤ ሕጉ በባለሀብቱም በመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ላይ እኩል ይሥራ።

አንተ አንባቢም፣ ጉድጓድ ካለህ ነገ ሂድና አስመዝግብ። ከሌለህም በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ተነሥተህ “በሰፈራችን ስንት ጉድጓድ አለ? በቀንስ ስንት ውኃ ይስባል?” ብለህ ጠይቅ፤ መልስ እስክታገኝም አትቀመጥ።