የበዓል ቀን መቻቻል

በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ግዛት፣ አርቱንካል የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። የአምላካቸውን የአያፓንን ቤተ መቅደስ ሊሳለሙ ወደ ሳባሪማላ ተራራ ወጥተው የሚመለሱ ሂንዱዎች ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ መንደሯ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ይላሉ። ለ41 ቀን ሱባኤ አንገታቸው ላይ ያጠለቁትን መቁጠሪያ ብዙዎቹ የሚያወልቁት እዚያ ነው። ያገሬው ሰው አያፓንና የቤተ ክርስቲያኑ አባት ወዳጆች ነበሩ ብሎ ይተርካል። ካሜራ የያዘ ሁሉ ይህን ቀርጾ ይመለስና «ተቻችሎ መኖር ማለት ይህ ነው!» ይለናል።

ትዕይንቱ ውሸት የለበትም። በኬረላ አብያተ ክርስቲያናት የሚበራው የነሐስ መብራት ከሂንዱው የሚለየው ጫፉ ላይ በቆመው መስቀል ነው። ባለጌጡ ጃንጥላም በሁለቱም ሃይማኖት ሰልፍ ይዘረጋል፤ ጥምቀት ላይ ድባብ ያየ ያገራችን ሰው ቢገኝ ባዳነት አይሰማውም። (በንጉሡ ዘመን ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን ህንዳውያን ብዙዎቹ የዚያው የኬረላ ክርስቲያኖች ነበሩ።) በታሚል ናዱ ግዛትም ሂንዱው ቬላንካኒ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዶ ለእመቤታችን ስእለት ፀጉሩን ይላጫል። ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ይህን የሰላም ማረጋገጫ አድርገው ከሚያቀርቡልን ጋር ነው። ለመሆኑ በበዓል ቀን ማን ምን ይከስራል? ሻማ ያበራው ሂንዱ ሂንዱ እንደሆነ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያስተናገደው ክርስቲያንም እንዲሁ። ሁለቱ የሚፈተኑት አንዱ የሌላውን ልጅ ሲያገባ ወይም ሃይማኖቱን ሲቀይር ነው።

ጋብቻውን እንይ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። ሂንዱና ክርስቲያን በየእምነታቸው ጸንተው በመንግሥት ፊት የሚጋቡት በ1954ቱ ልዩ የጋብቻ ሕግ ነው። ጥንዶቹ ካመለከቱ በኋላ 30 ቀን መጠበቅ አለባቸው። ማስታወቂያቸው በጽሕፈት ቤቱ ግልጽ ቦታ ይለጠፋል፤ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ነው ነገሩ። ለተቆጣ አጎትና ለሰፈር ጎረምሳ 30 ቀን ከበቂ በላይ ነው። በዚያችው በምትወደሰው ኬረላ ማስታወቂያው ከነፎቶው ኢንተርኔት ላይ ይወጣ ነበር። ጽንፈኞች እየለቀሙ ሲያሰራጩት ግዛቲቱ በ2020 ማውጣቷን አቆመች።

ሃይማኖት መቀየሩ ይብሳል። የ1950ው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በካስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረሰው የማዕረግ ሥርዓት፣ ከሁሉ በታች ለተደረጉት ለዳሊቶች የተያዘውን የሥራና የትምህርት ኮታ ለሂንዱዎች ብቻ ሰጠ። በ1956 ሲኮች፣ በ1990 ቡድሂስቶች ተጨመሩ። ክርስቲያንና ሙስሊም ዳሊቶች እስከ ዛሬ ውጭ ናቸው። እንግዲህ ዳሊቱ ሲጠመቅ የኮታ መብቱን ያስረክባል፤ ንቀቱ ግን አይነሳለትም። በመዝገብ ሂንዱ፣ በእሑድ ክርስቲያን ሆነው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ለኮታው ስትል ሂንዱ ነኝ ማለቷ በሕገ መንግሥቱ ላይ ማጭበርበር ነው ብሎ ጥያቄዋን ውድቅ አደረገ። ሥራ ስትፈልግ ምን እንደምታመልክ የጠየቃትን ሕግስ ምን እንበለው?

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2008 በኦዲሻ ግዛት፣ በካንዳማል፣ አንድ የሂንዱ መነኩሴ ሲገደሉ ነገሩ በክርስቲያኖች ላይ ዞረ፤ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ነደደ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰደደ። የአገሩ ተወላጆች ካንዳዎችና የዳሊት ወገን የሆኑት ፓናዎች፣ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች፣ ከዚያ በፊት በመሬትና በዚሁ በኮታ ሲወዛገቡ ኖረዋል። የአማልክቱ ስም የተጠራው ኋላ ነው።

ክርስቲያኑም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። በቲሩቺራፓሊ ከተማ አንድ የካቶሊክ መካነ መቃብር መሐል ለመሐል ግንብ ተሠርቶበታል፤ በወዲያ ከፍ ያለው ካስት፣ በወዲህ ዳሊቱ ተቀብሯል። ሁለቱም ተጠምቀዋል፣ ሁለቱም ቆርበዋል። በካስት ጉዳይ ሂንዱውን ቆመው የሚገስጹ ሰባኪዎች ስብከታቸውን ከዚያ ግንብ ሥር ቢጀምሩት እሰማቸው ነበር።

የዳሊት ክርስቲያኖች አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በ2004 ነው። መንግሥት በ2022 ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ሁለት ዓመት ሰጠው። ሁለቱ ዓመት አለቀ፤ ጊዜው ተራዘመ። የአርቱንካልን ፎቶ ለሚያሳየኝ ሰው ሁሉ ኮሚሽኑ የት እንደደረሰ እጠይቃለሁ። ጉዳዩን ሰምቶት የሚያውቅ ገና አላጋጠመኝም።